የደኅንነት ካሜራው መብራት ቀልቷል፤ ችግሩ ከካሜራው ነው ወይስ ከውጭ?

ገመድ አልባ የደኅንነት ካሜራ ቀደም ሲል የባንኮችና የትልልቅ ሆቴሎች ዕቃ ነበር። አሁን ከአንድ መካከለኛ ስልክ ባነሰ ዋጋ የሚገኝ ዓይነት አለ። በመሆኑም በጂንካም ሆነ በሳላማጎ ወረዳ ማዕከል በሃና ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ወፍጮ ያለው ሰው ለንብረቱ ጥበቃ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል። የመስኖ ፓምፑንና የሶላር ሰሌዳውን ማሳ ላይ አሳድሮ ወደ ቤቱ ለሚገባ አርሶ አደርም በሲም ካርድና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ካሜራ ተዘጋጅቶለታል።

ዕቃው ተገዝቶ ከተሰቀለ በኋላ ግን ባለቤቱን ግራ የሚያጋባው ከሌባው ይልቅ በካሜራው ፊት ላይ ያለችው የስንዴ ፍሬ የምታህል መብራት ናት። አንድ ቀን ቀይ ሆና ትገኛለች፤ ወይም ብልጭ ድርግም ትላለች። ያን ጊዜ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንዱ ካሜራውን ፈትቶ ወደ ሻጩ ይወስዳል። ሌላው የሪሴት ቁልፉን ተጭኖ የነበረውን አሠራር ሁሉ ያጠፋል። ሦስተኛው «እንደተሰቀለ ይሁን፤ ሌባ እንደሆነ አያውቅም» ብሎ ይተወዋል። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው። የማይቀዳ ካሜራ ያለው ሰው ካሜራ ከሌለው ይልቅ ይዘናጋል፤ ዘበኛውን ይቀንሳል፤ ቁልፉን ያላላል፤ ጎረቤቱንም «አደራ» ማለት ይተዋል።

ጉዳዩ የገንዘብም ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራው፣ ቻርጀሩ፣ ሜሞሪ ካርዱም ሆነ ባትሪው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ያልተበላሸን ካሜራ «ተበላሽቷል» ብሎ መጣልና ሌላ መግዛት ከዚያ ወዲህ የበለጠ ያስከፍላል። ለሃና ነዋሪ ደግሞ ጂንካ ድረስ የመመላለሱ የትራንስፖርት ወጪና የሚባክነው የሥራ ቀን ይጨመርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የካሜራው መብራት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ምልክቱ የሚመነጨው በአብዛኛው ከካሜራው ውጭ ካሉ ሦስት ነገሮች ነው፤ ከኃይል፣ ከኔትወርክና ከሜሞሪ ካርድ። ሦስቱን በቅደም ተከተል የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ችግር ያለ ባለሙያ ይፈታዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው መብራት ጥበቃውን እንዳቋረጠ፣ የትኛው ደግሞ ከርቀት ማየትን ብቻ እንደከለከለ ለይቶ ያውቃል።

ቀለሙ አንድ፣ ትርጉሙ ብዙ

አርሶ አደር ይህን ዓይነት ምርመራ አያጣውም። የበቆሎ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሁሉም ቢጫ አንድ አይደለም። ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ጀምሮ በመሐል ጅማቱ በኩል የሚገባ ቢጫነት በአብዛኛው የናይትሮጅን እጥረት ነው። ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ደግሞ የፎስፈረስን እጥረት ያመለክታል። በዕድሜ የገፋው ቅጠል ዳር ዳሩን ሲቃጠል የፖታሲየም እጥረት ይጠረጠራል። ባለሙያው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የት እንደጀመረና እንዴት እንደተስፋፋ ያያል። በሳላማጎ የቦዲና የሙርሲ አርብቶ አደሮችም የከብትን ቀለምና ዥጉርጉርነት በየስሙ ለይተው የሚጠሩ፣ ለቀለም የሠለጠነ ዓይን ያላቸው ሕዝቦች ናቸው።

በካሜራ ላይ ያለው ችግር ግን አምራቾቹ በአንድ የቀለም ቋንቋ አለመስማማታቸው ነው። በገበያችን ከሚታወቁት መካከል ሁለቱን ብንወስድ፣ በብዙዎቹ የታፖ ካሜራዎች ላይ የማይቋረጥ ቀይ ማለት ካሜራው ገና እየተነሣ ነው ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ ቢበሩ ካሜራው ከስልክ ጋር ለመተዋወቅ ይጠብቃል። ብርቱካናማ ከዋይፋይ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመለከታል። የማይቋረጥ አረንጓዴ ሥራው የተሟላ መሆኑን ይገልጻል። በብዙዎቹ የኢዝቪዝ ካሜራዎች ላይ ደግሞ በዝግታ ብልጭ የሚል ቀይ የኔትወርክ መቋረጥን፣ በፍጥነት ብልጭ የሚል ቀይ እንደ ሜሞሪ ካርድ ስሕተት ያለውን እክል ያመለክታል። በዝግታ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ጤና ነው። የማይቋረጥ ሰማያዊ ካሜራውን በዚያች ደቂቃ በስልክ የሚያይ ሰው መኖሩን ይናገራል።

ስለዚህ ጎረቤት «የእኔም ቀልቶ ነበር፤ እንዲህ አድርገው» ቢል ምክሩ የሚሠራው ካሜራዎቹ የአንድ አምራችና የአንድ ሞዴል ከሆኑ ብቻ ነው። በካሜራው ሥር ወይም ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ከመስቀል በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው። ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን ወረቀትም እንዲሁ ማንሣት ይገባል። ካርቶኑ ይጠፋል፤ ፎቶው ግን ይቀራል።

ወረቀቱ ባይገኝ እንኳ ለሁሉም ዓይነት የሚሠራ አንድ ጥያቄ አለ፤ መብራቱ ጨርሶ ጠፍቷል ወይስ ቀለሙን ለውጧል? ጨርሶ የጠፋ መብራት በአብዛኛው የኃይል ጉዳይ ነው። በቅንብሩ ላይ ጠቋሚው መብራት ሆን ተብሎ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችልም በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀለሙን የለወጠ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግን ካሜራው በሕይወት እንዳለና አንድ ነገር እንደጎደለው የሚናገር ነው።

መጀመሪያ ኃይል

ሶኬት ላይ የሚሰካ የቤት ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ቮልት የሚሠራ፣ ከ5 ዋት የማይበልጥ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ነው። ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የኃይል ችግሩ የብዛት ሳይሆን የጥራትና ያለመቋረጥ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። በዚያው ሶኬት ወይም ዲቫይደር ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት ይበቃል። ስልኩ ኃይል ከሞላ፣ ቀጥሎ የሚፈተሸው የካሜራው የራሱ አዳፕተርና ገመድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት አለ። ካሜራው ቀን ደኅና ሠርቶ ማታ ማታ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ፣ ተጠርጣሪዎቹ ገመዱና አዳፕተሩ ናቸው። ምክንያቱም ሲመሽ ካሜራው ለጨለማ የሚጠቀምባቸውን መብራቶች ያበራል፤ የሚፈልገው ኃይልም ይጨምራል። ቀጭንና ረጅም ገመድ በመንገድ ላይ ቮልቱን ስለሚያወርደው ለካሜራው የሚደርሰው አይበቃውም። ገመዱን በአጭርና ወፈር ባለ ገመድ፣ አዳፕተሩንም በካሜራው ላይ የተጻፈውን አምፔር በሚያሟላ መተካት ካሜራ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመብራት መሄድና መምጣት ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው የጊቤ 3 ኃይል ማመንጫ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀ ሲሆን፣ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በግድቡ መኖር ብቻ ግን በወንዙ ግርጌ ያለ ከተማ ሶኬት አይስተካከልም። በማመንጫውና በሶኬቱ መካከል የማስተላለፊያ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ አለ። ከነዚህ አንዱ ሲታመም ሱቁ ይጨልማል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ንረት ለካሜራም ለራውተርም አደገኛ ነው። ስለዚህ መብራት በሄደ ጊዜ አዳፕተሩን መንቀል፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ወይም የቮልት መከላከያ መጠቀም ያዋጣል። መቆራረጡ የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው። በዚህ ጊዜ የካሜራ ጠጋኝ መጥራት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛ ኔትወርክ

መብራት ከተመለሰ በኋላ ካሜራው ቀይ ሆኖ ቢቆይ አይደንቅም። ካሜራው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣና የሚፈልገውን ዋይፋይ ያጣል። ራውተሩም ተነሥቶ ከመስመሩ ጋር እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሪሴት የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። ሪሴት የተደረገ ካሜራ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ይረሳል፤ እንደ አዲስ ካልተቀናበረም አይሠራም። በአምስት ደቂቃ ትዕግሥት የሚፈታ ነገር ወደ ጂንካ የሚያስኬድ ችግር ይሆናል።

ከተጠበቀም በኋላ ካልተለወጠ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል? ካላገኘ ጉዳዩ የመስመሩ ወይም የክፍያው ነው። ሁለተኛ፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል በቅርቡ ተለውጧል? ራውተሩ ሲለወጥ ወይም ልጆች እንዳይጠቀሙ ተብሎ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ለካሜራው የሚነግረው የለም። ሦስተኛ፣ ራውተሩ በየትኛው ሞገድ ይሠራል? አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዝን ሞገድ ብቻ ነው። ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ ደኅና እየሠራ ካሜራው የማይገናኘው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ርቀትና ግድግዳም ይቆጠራሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ማለፍ ይችላል፤ የእርጥብ ጭቃ ወፍራም ግድግዳ ግን ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ደግሞ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ራውተሩ በቤቱ ውስጥ፣ ካሜራው ከቆርቆሮ አጥሩ ወይም ከቆርቆሮ መጋዘኑ ባሻገር ከሆነ ግንኙነቱ ይደክማል። ካሜራውን ከመቀየር በፊት ራውተሩን ወደ መስኮት ማስጠጋት ወይም ከፍ አድርጎ መስቀል ይሞከራል።

በሲም ካርድ የሚሠራው ካሜራ የራሱ ምርመራ አለው። ሲሙን አውጥቶ ስልክ ላይ ማስገባት ነው። ስልኩ የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀ ካሜራው ያን ቁጥር የሚያስገባበት ጣት የለውምና ቁጥሩ በስልኩ ላይ መነሣት አለበት። ስልኩም ኢንተርኔት ካላገኘ ጥቅሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ቀሪ ሂሳቡን በ*804# ያያል፤ ጥቅሉን በ*999# ይገዛል፤ ለእርዳታ ወደ 994 ይደውላል። ጥቅሉ እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ ማስላት ከባድ አይደለም። ካሜራው በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት ቢልክ፣ አንድ ሰዓት በቀጥታ መመልከት 450 ሜጋ ባይት ይበላል። ማሳውን ከቤቱ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚመለከት ሰው ጥቅሉን በቀናት ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀይ መብራት የሒሳብ እንጂ የብልሽት አይደለም።

እዚህ ላይ ዋናው ልዩነት ይምጣ። ሜሞሪ ካርድ የገባባቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ኔትወርክ ቢቋረጥም በካርዱ ላይ መቅዳታቸውን ይቀጥላሉ። የኔትወርክ ቀይ መብራት ባለቤቱን ከርቀት እንዳያይ ይከለክለዋል እንጂ ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ አያቋርጥም። ምስሉን በኢንተርኔት በኩል ብቻ የሚያስቀምጥ፣ ካርድ የሌለው ካሜራ ግን ኔትወርኩ ሲሄድ ቀረጻውም ይቋረጣል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ገዢ የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርድ ይቀበላል ወይ?» መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ሜሞሪ ካርድ

ከሦስቱ ምክንያቶች በጣም ዝምተኛው ይህ ነው። ኃይልና ኔትወርክ ሲጎድሉ ስልኩ ያሳውቃል። ካርዱ ሲታመም ግን በስልኩ ላይ ያለው ሕያው ምስል እንደወትሮው ይታያል። ባለቤቱ ምስሉን አይቶ ይረካል፤ ከኋላ ግን የሚቀዳ ነገር የለም። ይህ የሚታወቀው ስርቆት ደርሶ «የትናንቱን እንይ» ሲባል ነው።

ካሜራ በካርድ ላይ ያለማቋረጥ ይጽፋል፤ ሲሞላ አሮጌውን አጥፍቶ በላዩ ይጽፋል። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት ያለማቋረጥ ቢቀዳ በቀን 10.8 ጊጋ ባይት ይሆናል። ስለዚህ 32 ጊጋ ባይት ካርድ የሦስት ቀን ያህል፣ 128 ጊጋ ባይት ደግሞ የ11 ቀን ገደማ ታሪክ ይይዛል። ለስልክ የተሠራ ርካሽ ካርድ ይህን የማያባራ ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ አይችልም። በላዩ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት በውስጡ ጥቂት ብቻ የሚይዝ አስመሳይ ካርድም በገበያ አለ። ለካሜራ ተብሎ የተሠራ፣ ለተደጋጋሚ ጽሕፈት የሚቋቋም ካርድ ዋጋው ከፍ ቢልም ዕድሜው ይረዝማል።

ካሜራው የካርድ ስሕተት ሲያሳይ መተግበሪያው ብዙውን ጊዜ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም ጥፋት ባልደረሰበት ቀን ፎርማት ማድረግ ተገቢ መፍትሔ ነው። ስርቆት ወይም ሌላ ወንጀል በደረሰ ማግሥት ግን ይህን ቁልፍ መጫን ማስረጃን በራስ እጅ ማጥፋት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ኃይሉን አጥፍቶ ካርዱን ማውጣት፣ በወረቀት ጠቅልሎ ቀኑን መጻፍና ለፖሊስ ማቅረብ ይሻላል። ካርዱ ሳይወጣ የቆየባት እያንዳንዷ ሰዓት አሮጌው ምስል በአዲስ የሚተካባት ሰዓት ናት።

ከካርዱ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ሰዓቱ ነው። ብዙ ካሜራ ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲነሣ ኔትወርክ ካጣ፣ ቀኑ ወደ ፈረንጆች 1970 ሊመለስ ይችላል። ሰዓቱ ትክክል ሲሆንም እንኳ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በምስሉ ላይ 02:00 የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ 20:00 ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ለፖሊስ ቃል ሲሰጥ ይህ ካልተብራራ፣ ምስሉና የምስክሩ ቃል የተጣረሱ ይመስላሉ።

ሙቀት፣ አቧራና ሶላር

ሃና ከጂንካ አየር የተለየ ቆላ ነው። በባትሪና በሶላር የሚሠሩ ካሜራዎች ለዚህ ልዩነት ምላሽ ይሰጣሉ። በውስጣቸው ያለው የሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ኃይል መሙላት እንዲቆም ተደርጎ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው፣ በቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ካሜራ ይህን ሙቀት በቀላሉ ይደርስበታል። ውጤቱ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ፀሐይ ሞልታ ሳለ የባትሪው መብራት ቀይ ይሆናል። መፍትሔው ካሜራውን ከጥላ ሥር፣ የሶላር ሰሌዳውን ከፀሐይ ላይ ለያይቶ መስቀል ነው።

ሰሌዳው ወዴት ይዙር? አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ጳጉሜን መግቢያ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ስለዚህ ሰሌዳውን ወደ አንድ አቅጣጫ አብዝቶ ማጋደል ግማሹን ዓመት ያከስራል። ዝናብና አቧራ እንዲወርድለት ትንሽ ብቻ አዘንብሎ ወደ ሰማይ እንዲያይ ማድረግ ይበቃል። በበጋ አቧራውን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በዝናብ ወራት ደግሞ የዛፍ ቅርንጫፍ እንዳይጋርደው ማየት የባለቤቱ ድርሻ ነው።

የባትሪን ኃይል ከሚጨርሱ ነገሮች አንዱ እንቅስቃሴ ነው። እነዚህ ካሜራዎች በአብዛኛው ተኝተው ይቆያሉ፤ በፊታቸው የሚንቀሳቀስ የሙቀት ልዩነት ሲያገኙ ይነቃሉ። ፍየልና ከብት በሚያልፍበት መንገድ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ሲነቃና ሲቀዳ ይውላል፤ ማታ ሌባ ሲመጣ ባትሪው ያልቃል። ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ በሩ ማዞር ይጠቅማል። በተቃራኒው የአየሩ ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ሲቀራረብ መሣሪያው ልዩነቱን መለየት ይከብደዋል። በሞቃት ቀትር ሰው አልፎ ካሜራው ዝም ቢል፣ መበላሸቱ ሳይሆን ይህ ሊሆን ይችላል።

ብልሽት ያልሆነ መብራት፣ ችላ የማይባል መብራት

ሌሊት በካሜራው ዓይን ዙሪያ የሚታይ ደብዛዛ ቀይ ጭላንጭል ማስጠንቀቂያ አይደለም። ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚጠቀምበት፣ የሰው ዓይን በጥቂቱ ብቻ የሚያየው ብርሃን ነው። አንዳንዱ ዓይነት ጨርሶ የማይታይ ብርሃን ስለሚጠቀም ጭላንጭሉ የለም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

በሌላ በኩል ሁሉ ሰላም በሚመስልበት ጊዜ ሊያሳስብ የሚገባ መብራት አለ። ከላይ እንደተጠቀሰው በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ የማይቋረጥ ሰማያዊ ማለት አንድ ሰው ምስሉን በቀጥታ እየተመለከተ ነው ማለት ነው። ባለቤቱም ቤተሰቡም ስልካቸውን ሳይከፍቱ ይህ መብራት ከታየ፣ ሌላ ዓይን እንዳለ መጠርጠር ይገባል። ሥጋቱ ፈጠራ አይደለም። በጥቅምት 2009 ዓ.ም ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጥሮ፣ ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ባደረሰው ጥቃት እንደ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ያሉ ትልልቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለው ነበር። በር የከፈተው ማንም የሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው። ካሜራውን የሰቀለው ባለሙያ የሰጠውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን መለወጥ፣ ካሜራውም በባለሙያው ሳይሆን በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል መመዝገቡን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

የራስን ምስጢር የሚጠብቅ ሰው የሌላውንም ማክበር ይጠበቅበታል። ሀገራችን በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ከሕጉም በፊት ጉርብትና አለ። የካሜራው ዓይን ወደ ራስ በርና መጋዘን እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ፣ መታጠቢያ ወይም ውሃ መቅጃ መዞር የለበትም።

የሻጩና የተቋማት ድርሻ

ችግሩን ሁሉ በገዢው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። የካሜራዎቹ መመሪያዎች የሚመጡት በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው፤ የመተግበሪያዎቹ መልእክትና የካሜራው ድምፅም እንዲሁ። በአማርኛ፣ በአሪኛ ወይም በቦዲኛ ለሚያስብ ገዢ «ቀይ ከሆነ ይህን አድርግ» የምትል አንዲት ገጽ ብትኖረው ብዙ ምልልስ ይቀርለት ነበር። ይህን ገጽ ማዘጋጀት ለሻጮች የሚከብድ አይደለም። የጂንካ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ዓይነት ተግባራዊ ሥራ ቢያሠማሩ ጥቅሙ የጋራ ነው።

ሕጉም ለገዢው ቦታ ሰጥቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል በአዋጁ ሰፍሯል። ይህ መብት ደረሰኝ ይፈልጋል። ካሜራውን ከገዙ በኋላ ለወር በካርቶን ማቆየትም መብቱን ያባክናል። በተገዛበት ቀን በሻጩ ፊት ኃይል ሰጥቶ፣ ካርዱን አስገብቶ፣ ቀድቶ፣ የተቀዳውን መልሶ አይቶ መውሰድ የብልህ ሰው ግብይት ነው።

ከላይ የተዘረዘረውን ምርመራ ያደረገ ገዢ ወደ ሻጩ ሲሄድም አቋሙ ይጠነክራል። «ቀልቷል» ከማለት ይልቅ «ሶኬቱ ደኅና ነው፤ ገመዱን ለውጫለሁ፤ ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል፤ ካርዱን በሌላ ተክቻለሁ፤ አሁንም ቀይ ነው» የሚል ሰው ሻጩን ወደ እውነተኛው ጥያቄ ያመጣዋል። በዚህ ደረጃ የቀረው ተጠርጣሪ በእርግጥም ካሜራው ነው።

የሳምንት አንድ ፍተሻ

በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ፕሮጀክት ወደ ሳላማጎ ሠራተኛ፣ ነጋዴና ተሽከርካሪ ካመጣ ወዲህ የሃና አካባቢ ኑሮ ብዙ ተለውጧል። ንብረት ሲበዛ የጥበቃው ጥያቄም ይበዛል። ካሜራ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡ መልሶች አንዱ ነው፤ ብቸኛው ግን ሊሆን አይችልም። ካሜራ ሌባን አይዝም፤ የሆነውን ይመሰክራል። ሊመሰክር የሚችለውም ኃይል፣ ቦታና ትክክለኛ ሰዓት ሲኖረው ነው። ዘበኛ፣ ጠንካራ ቁልፍና የጎረቤት ዓይን ከካሜራው በኋላም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን ዋዜማ፣ አምስት ደቂቃ መድቦ አራት ነገር ማየት ይበቃል። የትናንት ሌሊቱን ቀረጻ ከፍቶ መመልከት፣ በምስሉ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ማመሳከር፣ የካሜራውን ዓይንና ሰሌዳውን መጥረግ፣ ገመዱን መንካት። ከአራቱ የመጀመሪያው ዋናው ነው። ሕያው ምስል መታየቱ ካሜራው እየቀዳ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ትናንት የተቀዳውን ዛሬ መልሶ ማየት መቻል ነው።